ነመራ ቀፎዎቹን ያወረደበት ቀረሮ

ሐምሌ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ደርበው ያን ጊዜ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። በመቱ ከተማ የውኃ ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከሚስቱ ከዘውደነሽ ጋር፣ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአባቱ ወደ ወረሰው መሬት ጠቅልሎ ከገባ ገና ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር።

ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባራ፤ ፀሐይም ወጣች። ደርበው ይህችን ፀሐይ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቃት ሰንብቷል። በቆሎው ቁመቱ ከሰው በልጦ ከጫፉ ላይ አበባውን አውጥቶ ነበር፤ ቅጠሉ ግን እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። በዚያ ዓመት ከባሕር ማዶ መጣ የተባለ ተምች ወደ ኢሉባቦር ገብቶ የድኻውንም የባለጸጋውንም ማሳ አልማረም። ጎረቤቱ ቀነዓ ከነሚስቱ በየማለዳው ትሉን በጣቱ እየለቀመ በጣሳ ያጠራቅም ነበር። ደርበውም ሦስት ቀን ያህል እንዲሁ ለቀመ፤ በአራተኛው ቀን ወገቡ እምቢ አለው፤ ትዕግሥቱም አለቀ። መድኃኒት ገዛ፤ በጀርባ የሚታዘል መርጫም ተዋሰ። ዕድሜውን ከቧንቧ ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ የመርጫውን አፍ ማጥበቅና ማስፋት አላስቸገረውም። አራት ሰዓት ላይ ከላይኛው ጥግ ጀምሮ እየረጨ ወረደ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ማሳውን ጨረሰ።

በዚያ ሰፈር በበቆሎ ላይ መድኃኒት መርጨት ነውር አልነበረም። ነውሩ ሳይጣሩ መርጨት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማሳው ግርጌ፣ ቡናው ከሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ቀረሮ አለ። በዛፉ ላይ ሰባት ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። ቀፎዎቹ የነመራ ነበሩ። ዛፉን አስቀድሞ የያዘው የነመራ አባት ነው። የደርበው አባት ከሰሜን ሸዋ በወታደርነት መጥቶ፣ በጎሬ አገልግሎ፣ በመጨረሻ በዚያ መሬት ሲቀመጥ ቀፎዎቹን ከነንቦቹ አናቱ ላይ ተሰቅለው አገኛቸው። ሁለቱ አባቶች አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቅጡ ሳያውቅ ተነጋግረው ተስማሙ። ባለ መሬቱ እሳት ሲያነድ፣ ዛፍ ሲጥል፣ ወይም ሽታ ያለው ማንኛውንም ነገር ሲያደርግ በዋዜማው ወደ ባለ ቀፎው ይጣራል። ባለ ቀፎውም ማር ሲያወርድ ከብትና ሕፃን እንዲሰበሰብ አስቀድሞ ወደ ባለ መሬቱ ይጣራል። ጥሪውን የሰማ ባለ ቀፎ ንቦቹ ሲገቡ ወደ ዛፉ ወጥቶ የቀፎዎቹን አፍ በሣር ይወትፋል፤ ክፉው ነገር ካለፈ በኋላ ይከፍትላቸዋል። ይህ ስምምነት ከአባቶች ወደ ልጆች አልፎ ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ቀን ሳይጓደል ኖረ።

ደርበውና ነመራ በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው። ደርበው በመቱ ሥራ ላይ ሳለ በየቅዳሜው ወደ መሬቱ ሲመጣ፣ ነመራ ከዛፉ ጫፍ ሆኖ ገና ከሩቅ ያየውና፣

«ያ ደርበው! ቧንቧህን ይዘህ ና፤ ማሩ በቧንቧ ይውረድልህ!» ይለው ነበር።

«አንተ እግርህን ጠብቅ! ብትወድቅ የምቀብርህ እኔ ነኝ፤ በዚህ ጭቃ ደግሞ መቆፈር ያስጠላል!» ይላል ደርበው።

ዓርብ ማታ ደርበው መጣራትን ሳያስበው አልቀረም። አስቦት ነበር። ነመራ ቤቱ ነበር፤ ጭሱ ከወንዙ ማዶ ይታያል። ነገር ግን ደርበው በልቡ እንዲህ ሲል አሰላ፤ ንብ የምትፈልገው ማር ያለበትን አበባ ነው፤ በቆሎ ደግሞ ማር የለውም፤ እንግዲህ በቆሎ የንብ ጉዳይ አይደለም። ዝናቡም ይጥል ነበርና ከቤት አልወጣም።

በማግሥቱ ነመራ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ልጁ ወልዳ ስለነበር ወደ ጎሬ ሄደ። ደርበው አራት ሰዓት ላይ ረጨ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቡናው ሥር ሲያልፍ ከእግሩ ሥር አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ንቦች ናቸው። አንዳንዶቹ በጀርባቸው ተገልብጠው ይሽከረከራሉ፤ ሌሎቹ ዝም ብለዋል። ቀና ብሎ አየ። ከቀፎዎቹ አፍ አንድ በአንድ ይወድቁ ነበር።

ደርበው ወደ ቤቱ ተመልሶ መጥረጊያ አመጣ። ከዛፉ ሥር ጠረገ። የጠረገውን ወደ ቁጥቋጦው ወርውሮ ዘወር ሲል የጠረገበት ቦታ እንደገና ሞልቶ ጠበቀው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ጠረገ።

ነመራ ሰኞ ዕለት ተመለሰ። ዘውደነሽ ያን ቀን መቱ ገበያ ወርዳ ነበርና የሁለቱን ሰዎች ንግግር የሰማ ሌላ ሰው የለም። ነመራ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። የሞቱትን እየለቀመ በኮባ ቅጠል ላይ አኖራቸው። ከዚያ አንዲቷን በመዳፉ ይዞ ወደ ደርበው ዘረጋለት።

«እግሯን እየው። ቢጫ ነገር ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«የበቆሎ ነው። ማር ባይኖረውም ዱቄቱን ትወስዳለች። ልጆቿን የምታሳድገው በእሱ ነው።» መዳፉን ሰበሰበ። «ማነው የረጨው?»

ደርበው ይህችን ጥያቄ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠብቃት ነበር። መልሷንም ያውቀዋል። በወንዙ ዳር ካሉት ስምንት አባወራዎች ያን ሳምንት የረጨው እርሱ ብቻ ነው። ነገር ግን አፉን ሲከፍት የወጣው ቃል ሌላ ሆነ።

«ሁሉም ረጨ እኮ። በዚህ ተምች ጊዜ ማን ያልረጨ አለ?»

«ሁንዱምቱ?» አለ ነመራ በራሱ ቋንቋ፤ በትክክል የሰማ እንዳልመሰለው ሰው ደገመና፣ «ሁሉም?» አለ።

«ሁሉም።»

ነመራ የደርበውን ቃል ለማረጋገጥ ሌላ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ያን ቀንም አልጠየቀም። ኮባውን አጥፎ ከዛፉ ሥር ቀበረውና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገመዱን ይዞ መጥቶ ሰባቱንም ቀፎ አወረደ። በሁለቱ ውስጥ ጥቂት ሕይወት ነበረ፤ አምስቱ ባዶ ነበሩ። ሲያወርድ አልተጣራም። ከዚያ በደርበው ቤት ደጃፍ ቆሞ የዘውደነሽን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ተሰናበታት።

«ጎሬ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው እትዬ ዘውዴ። ከዚያ ወዲያ ገና ያልተነካ ጫካ አለ ይላሉ።»

ደርበውንም ተሰናበተው። በፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ደርበው ቁጣ ቢያይበት በወደደ ነበር።

በቀጣዩ የካቲት የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ቡናው አበበ። ቅርንጫፉ ሁሉ ነጣ፤ ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ። ደርበው እንደ ልማዱ ማለዳ ወደ ቡናው ገባና አንድ ነገር የጎደለ መሰለው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ረጅም ጊዜ ቆመ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ከላይ ከቀረሮው እስከ ታች ወንዙ ድረስ አንድ ድምፅ ይሞላ ነበር፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው ስለኖረ የዝምታው አንድ ክፍል አድርጎት ነበር እንጂ ድምፅ ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። አሁን የሰማው እውነተኛውን ዝምታ ነው። አበባው በስድስተኛው ቀን ረገፈ።

ሰው የናፈቀውን ነገር ባልጠበቀው ቦታ ሁሉ ያገኘዋል። ደርበው በገበያ የሚሸጥ ገመድ ሲያይ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ከዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ሲሰበር ነመራን ያስበው ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ምክንያት ቀና ብሎ የቀረሮውን ጫፍ ያያል።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ዘውደነሽን በጓሮ ጎንበስ ብላ አገኛት። በእጇ የዱባ አበባ ይዛለች።

«ምን ትሠሪያለሽ ዘውዴ?»

«እድራለሁ።»

«ማንን?»

«ዱባዎቹን ነዋ! አምና ሁሉም አበባ ረግፎ አንድ ፍሬ አልያዘም። አሁን ወንዱን እየቆረጥሁ ወደ ሴቷ እወስዳለሁ። ንብ ስትሠራው የነበረውን ሥራ በስተርጅናዬ እኔ ይዤዋለሁ። አንተም ከምትገተር ለሙሽሮቹ አጨብጭብላቸው።»

ደርበው ፈገግ አለ። እርሷ ግን ቀና አላለችም።

«ነመራን ምን አልከው?»

«መቼ?»

«የሄደ ጊዜ።»

«ምንም አላልኩትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ። በምንም ነገር እንደዚህ ተክዘህ ከርመህ አታውቅም» አለችና ወደ ሌላው አበባ አለፈች።

ደርበው ይህን ዝምታ በእጁ ሥራ ሊያስተካክለው ሞከረ። በመቱ ለአንድ አናጢ ነግሮ ዘመናዊ የተባለውን ሣጥን ቀፎ አሠራ፤ ሰም ቀባው፤ በአጥሩ ጥግ አቆመው። ክረምት አልፎ በጋ ገባ፤ አንድም ንብ አልገባበትም። በመጨረሻ እንሽላሊት ገባበት። ቀነዓ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያየው፣

«ጋሽ ደርበው፣ ኪራይ ጠይቁት እንጂ ዝም ብሎ ይኖራል እንዴ?» እያለ ይቀልድ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ደርበው ወደ ሰማን ሄደ። ሰማን በመቱ ገበያ ማር የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ አባቱም በዚያው ሱቅ ማር ይሸጡ ነበር። ነመራ ከጎሬ ወዲያ ካለው ጫካ የሚቆርጠውን ማር አሁንም ለእርሱ ያስረክባል። ሰማን ከአንዱ ጋን ጥቂት ቀድቶ ለደርበው አቀመሰው። ማሩ ጠቆር ያለ ነበር። ከቀረሮው የሚወርደው ግን ከገተማ ዛፍ አበባ የሚሠራ፣ እንደ ቅቤ የነጣ ነበር። ደርበው ማንኪያውን መለሰለትና፣

«ሽማግሌ ልልክ እፈልጋለሁ። እስቲ ይቀበል እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለው።

ሰማን በሁለተኛው ሳምንት መልሱን አመጣ።

«አልተጣላንም አሉ፣ ጋሽ ደርበው።»

«ሌላስ?»

«ጤናዎን ጠየቁኝ። ወገቡ ተሻለው ወይ አሉኝ። ሌላ ነገር የለም።»

«በቃ?»

«እኔስ ምን ልበልዎ? ጠብ የለም ካሉ ሽማግሌው ምን ብሎ ይቀመጣል?»

እንግዲህ ደርበው ሊታረቅበት የሚችለው ጠብ እንኳ አልነበረውም።

እንዲህ እያለ 2015 ዓ.ም. ደረሰ። በዚያ ዓመት በሰኔ መጨረሻ ቀነዓ መርጫ አዝሎ በደርበው ደጅ ሲያልፍ ሰላምታ ሰጠው።

«አንተም ጀመርክ?» አለው ደርበው።

«ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው ጋሼ። አሁን ያልጀመረ ማን አለ? እዚህ ወንዝ ዳር ሁላችንም ነን። እኔማ የተማርኩት ከእርስዎ ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ ጠዋት ማሳዎን ሲጨርሱ አይቼ ቀንቼ ነበር። እኔ ወር ሙሉ ትል ስለቅም!»

ቀነዓ በቅንነት ነው የተናገረው፤ ማመስገኑ ነበር። ደርበው ግን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። በ2009 ለነመራ የተናገረው ቃል ያን ቀን ሐሰት ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ እውነት ሆኗል። ከእርሱ ተነሥቶ፣ በየአጥሩ ተሻግሮ፣ ስምንቱንም ቤት አዳርሷል።

በሳምንቱ ወደ መቱ ወርዶ በጎሬ ሚኒባስ ተሳፈረ። ነመራን በልጁ ቤት በረንዳ ላይ ቀርከሃ ሰንጥቆ ቀፎ ሲሠራ አገኘው። ጠጉሩ ፈጽሞ ነጥቷል፤ አንድ ጉልበቱን ዘርግቶ ነበር የተቀመጠው።

«ያ ደርበው! አካም ጂርታ?» ብሎ ደኅንነቱን ጠየቀና ሊነሣ ሞከረ።

«አትነሣ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«ቁጭ በልና ንገረኝ። እንዲህ ቆመህ ስትናገር ሰው የሞተ ይመስላል።»

ደርበው ግን አልተቀመጠም። «ያን ጊዜ ሁሉም አልረጨም ነበር። የረጨሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

የነመራ እጅ ቀርከሃው ላይ ቆመ።

«ቀነዓስ?»

«በእጁ ነበር የሚለቅመው።»

«ከላይ ያሉትስ? የወንዙ ማዶዎቹስ?»

«አንድም ሰው አልረጨም።»

«ስንት ሰዓት ነበር የረጨኸው?»

«አራት ሰዓት።»

«ዓርብ ማታ እኮ ቤቴ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ጭስህን አይቼዋለሁ።»

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ነመራ ቢላዋውን መሬት ላይ አኖረ። ከጎሬ ኮረብታ በታች ወዳለው ጉም አሻግሮ አየ።

«አንተ መርጨትህንማ አውቄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቅጠልህ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አይቻለሁ። ያላወቅሁት ከአንተ በቀር ሌላ ሰው አለመርጨቱን ነው። ‹እኔ ነኝ› ብትለኝ እሰድብህ ነበር። እናትህን አባትህን ሁሉ አነሣብህ ነበር። አንድ ወር ሳላናግርህ እከርም ይሆናል። ከዚያ የተረፉትን ሁለት ቀፎዎች ይዤ እዚያው እቀመጥ ነበር። አንድ ሰው ከሆነ ይነገረዋል፤ ይሰማል። ሁሉም ከሆነ ግን ማንን ልንገር? ስለዚህ ወጣሁ። ተቀይሜህ አልነበረም፤ ለንብ የሚሆን ቦታ አልቋል ብዬ ነው።»

ደርበው ያን ጊዜ ተቀመጠ።

«አሁን ግን እውነትም ሁሉም ይረጫል» አለ።

«እንግዲያ በስድስት ዓመትህ እውነቱን ነገርከኝ» አለ ነመራ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም።

«ና፣ ነመራ። ዛፉ እንዳለ ነው።»

«ይህ ጉልበት ዛፍ አይወጣም። ቢወጣስ፣ ንብ ወስጄ ለሞት ልስቀልልህ?»

«አንድ በአንድ አነጋግራቸዋለሁ።»

ነመራ ቀና ብሎ አየው። «ጥሩ። ነገር ግን ሁሉም እሺ አለ ብለህ እንዳትመጣ። ማን ምን እንዳለ በየስሙ ንገረኝ።»

ደርበው ነሐሴንና መስከረምን በሙሉ በስምንቱ ቤቶች መካከል ሲመላለስ ከረመ። የመጀመሪያው የራሱ ቤት ነበር። ለዘውደነሽ ነገራት። ሰምታ ስታበቃ፣ «ይህን ተሸክመህ ነው ስድስት ዓመት የተከዝከው?» አለችው፤ ከዚያም ጋቢውን አቀበለችውና ወደ ቀነዓ ቤት ላከችው። በየቤቱ ሲገባ አስቀድሞ እርሱ ያደረገውን መናገር ነበረበት፤ ያለዚያ ነገሩ አይጀመርም። አንዳንዱ ያፍርለታል፤ አንዳንዱ ይስቅበታል። የሚለምናቸው ብዙ አልነበረም። በቆሎው ሲያብብ አትርጩ፤ የግድ ከሆነ ንቦች ሲገቡ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን፤ በዋዜማውም ተጣሩ። በወንዙ ዳር የበቀለውን ግራዋና መስከረም ላይ ቢጫ የሚያብበውን መጭ አትመንጥሩት። ቀነዓ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና፣

«ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ያን መርጫ አልገዛም ነበር» አለው። ሌላ ወቀሳ አልጨመረበትም።

አንዲት ባልቴት ንብ ልጄን ነድፋብኛለችና ባይመለሱ ይሻላል አሉት። አንድ ሰው ደግሞ ጫት ተክሎ ስለነበር መርጨቱን እንደማይተው ፊት ለፊት ነገረው። ደርበው እነዚህን ሁለቱን ደጋግሞ ለመናቸው፤ አልሆነለትም።

በጥቅምት ወደ ጎሬ ተመልሶ ለነመራ በየስማቸው ነገረው። የሁለቱን እምቢታም አልሸሸገም። ነመራ ጣቱን እያጠፈ አዳመጠ። ሁለቱ ስሞች ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን አምንሃለሁ» አለ።

በኅዳር አጋማሽ ነመራ አዲስ ያበጀውን አንድ ቀፎ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መጣ። ቀፎውን በግራዋ ቅጠልና ንብ በምትወደው እንጨት ጭስ ሲያጥነው ዋለ። ወደ ቀረሮው የወጣው ቀነዓ ነበር። ነመራ ከታች ሆኖ አንገቱን አቅንቶ ያዝዘዋል።

«ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም እንዴ? አፉን ወደ ፀሐይ መውጫ! ኧረ ይህ ሰውዬ ቀፎ ሳይሆን ልብስ ነው የሚያሰጣው!»

«እርስዎ ይውጡና ያሳዩኛ!» ይላል ቀነዓ ከላይ።

«በሠላሳ ዓመቴ ብታየኝ ዓይንህን ታሽ ነበር!»

ደርበው ከጎኑ ቆሞ ነበር። ብዙ ዓመት የናፈቀውን ድምፅ በጆሮው እየሰማ፣ ነገር ግን ካልለመደው አቅጣጫ፣ ከታች ከአጠገቡ እየሰማ፣ ደስታውና ኀዘኑ ተደበላለቁበት። ነመራ አራት ቀን በቤቱ ሰነበተ። በአራቱም ቀን ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ዋሉ፤ ንብ ግን አልመጣም። በአምስተኛው ቀን ጉልበቱ ብርዱን አልቻለምና ወደ ልጁ ተመለሰ።

«ከገቡ እመጣለሁ» አለው ሲሳፈር። «ከገቡ ብቻ። ለባዶ ቀፎ ይህን መንገድ ሁለተኛ አልሄደውም።»

ከዚያ በኋላ ደርበው በየማለዳው ከቀረሮው ሥር ይቆም ጀመር። ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥርም አለፈ። በየካቲት ቡናው አበበ። አበባው በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ጤዛው ሲነሣ፣ ከቀፎው አፍ ላይ አንዲት ንብ ስታርፍ አየ። ገባች፤ ቆየች፤ ወጣች። ከዚያ ሌሎች ሁለት መጡ። ቀፎውን ዞረው ዞረው ሄዱ። ቤት የሚፈልግ መንጋ አስቀድሞ እንዲህ ያሉ ተመልካቾችን እንደሚልክ ከነመራ ሰምቷል። ቤቱን ወደው መንጋውን ያመጡ ይሆናል፤ ላይወዱትም ይችላሉ።

ያን ቀን ደርበው ወደ መቱ ሲወርድ ልቡ አንድ ነገር ለመነው። «ገብተዋል» ብሎ ቢልክ ነመራ በማግሥቱ ይደርሳል። ቀፎው ባዶ መሆኑን ከታች ሆኖ አያውቀውም፤ አብረው ጥቂት ቀን ይቀመጣሉ፤ በዚያ መካከል መንጋው እውነትም ይመጣ ይሆናል። ነመራ ሰባ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል፤ ክረምት ከገባ ከቤት አይወጣም። ደርበው ይህን እያሰበ ሰማን ሱቅ ደረሰ።

«ምን ልበላቸው ጋሽ ደርበው?» አለው ሰማን፤ ስልኩን አውጥቶ ነበር።

ደርበው፣ «ሦስት ንብ አይቻለሁ በለው። አልገቡም፤ ይጎበኛሉ» አለ።

ሰማን ደውሎ እንደተባለው ነገረ። ከወዲያ በኩል ያለውን ድምፅ ሲሰማ ቆይቶ ወደ ደርበው ዘወር አለ።

«ከየት በኩል ነው የመጡት ይላሉ።»

ደርበው አላስተዋለም ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ጭልጭል ሲል ከቀረሮው ሥር ቆመ፤ ዘውደነሽ ጋቢ ደርባለት ተመለሰች። ጤዛው እስኪነሣ ጠበቀ። ንቦቹ የመጡት በወንዙ ዳር ባለው ግራዋ ላይ አልፈው፣ ከሶር በኩል ካለው ጫካ ነበር። ሰባት ቆጠረ። ይህንንም እንዳየው ላከ፤ አልጨመረበትም። ነመራ እስካሁን አልመጣም፤ ደርበውም በየማለዳው መቆሙን አልተወም።

ይህን ታሪክ ከደርበው አፍ እንደሰማሁት ጽፌዋለሁ። እኔም አርጅቻለሁ፤ ፊደልም የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ነው። ቀኑን፣ የቀፎውን ቁጥር፣ የአበባውን ወራት፣ ወይም በሁለቱ ሰዎች መካከል የተባለውን ቃል አሳስቼ እንደሆነ፣ የአገሩን ዛፍና የአገሩን ሰው ከእኔ ይልቅ የምታውቁ አንባቢዎች እንድታርሙኝ በትሕትና እለምናችኋለሁ።